የቃኘው ዘማች፣ የቤቱ አባት

አያቴ የተወለዱት በ1922 ዓ.ም. ቡልጋ ውስጥ ነው። ስለ አባታቸው የሚያስታውሱት ጥቂት ነበር፤ ደጅ ላይ ተቀምጠው ጠመንጃቸውን በጨርቅ ሲወለውሉ፣ ከዚያም በ1928 የክተት አዋጅ ሲነገር ስንቃቸውን በአህያ ጭነው ከግቢ ሲወጡ። መጋቢት 22 ቀን ማይጨው ላይ ጦርነቱ ሲሆን አያቴ የስድስት ዓመት ልጅ ናቸው። አባት አልተመለሱም። አስከሬን አልመጣም፤ የት እንደወደቁ የሚያሳይም ሰው አልተገኘም። እናታቸው ባዶ ሜዳ ላይ የባላቸውን ጋቢ ዘርግተው አስለቀሱ።

በአምስቱ የወረራ ዓመታት አባት የሌለው ልጅ እንዴት እንዳደገ ብዙ አላወሩንም። የሰው ከብት እንደጠበቁ ነግረውናል። እናታቸው ለአርበኞች በሌሊት እንጀራ ሲጋግሩ እሳቸው ጭራሮ እየለቀሙ እሳቱን ያቆዩ እንደነበርም ነግረውናል። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ጃንሆይ አዲስ አበባ ሲገቡ አያቴ አሥራ አንድ ዓመታቸው ነበር፤ በዚያ ዓመት ቤታቸው ውስጥ ከሁሉ በላይ ደስ ያሰኘው ነገር ግን በሬ መግዛታቸው ነው ይሉ ነበር።

በ1940 ከአንድ የአገራቸው ልጅ ጋር በእግር አዲስ አበባ ገቡ። ክቡር ዘበኛ ወጣት ይመለምል ነበርና ቁመታቸው ተለክቶ፣ ጥርስና ዓይናቸው ታይቶ ተቀጠሩ። ዘበኛው ያን ጊዜ የአገሪቱ ምርጥ ጦር ነው። አዛዡ ሙሉጌታ ቡሊ ሥርዓት አጥባቂ፣ ወታደራቸውን አክባሪ ነበሩ፤ አያቴ ስማቸውን ሲጠሩ እስከ ሽምግልናቸው ድረስ ከተቀመጡበት ቀና ይሉ ነበር። ፊደል የቆጠሩት በሠፈሩ ውስጥ ነው። በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ጫማ ያደረጉትም እዚያው ነው።

ሰኔ 18 ቀን 1942 ዓ.ም. የሰሜን ኮሪያ ጦር 38ኛውን መስመር ጥሶ ወደ ደቡብ ሲዘልቅ ኮሪያ የት እንዳለች የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ እምብዛም አልነበረም። ጃንሆይ ግን ነገሩን ያዩት በጄኔቭ በኩል ነው። ከዐሥራ አራት ዓመት በፊት፣ ሰኔ 23 ቀን 1928፣ በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ቆመው አገራቸው ስትወረር የሚደርስላት አጥተው ተመልሰዋል። አሁን አንዲት ትንሽ አገር ስትወረር ዝም ቢሉ የዚያን ቀን ንግግራቸውን ራሳቸው መሻር ይሆንባቸዋል። በመጀመሪያ 40 ሺህ ዶላር ረዱ፤ ቀጥለው ጦር ለመላክ ወሰኑ። ወታደሮቹ ከክቡር ዘበኛ ተመርጠው በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉ ተራሮች ላይ ሠለጠኑ። የሻለቃው ስም ቃኘው ተባለ፤ የጃንሆይ አባት የራስ መኮንን የፈረስ ስም አባ ቃኘው ነበርና።

የመጀመሪያው ቃኘው በሌተና ኮሎኔል ተሾመ እርገቱ አዛዥነት ሚያዝያ 5 ቀን 1943 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሣ፤ በባቡር ጅቡቲ ወርዶ ጄኔራል ማክሬ በተባለችው የአሜሪካ መርከብ ተሳፍሮ ሚያዝያ 28 ቀን ፑሳን ደረሰ። በአሜሪካ 7ኛ ክፍለ ጦር 32ኛ ሬጅመንት ሥር ተመድቦ በነሐሴ ወር ከጠላት ጋር ተገናኘ። አያቴ በዚያ ዙር አልነበሩም። ስማቸው የወጣው በሁለተኛው ቃኘው ነው፤ አዛዡ ሌተና ኮሎኔል አስፋው አንዳርጌ ነበሩ። በ1944 ሲሄዱ ሃያ ሁለት ዓመታቸው ነው። ለእናታቸው ወዴት እንደሚሄዱ ማስረዳት አልቻሉም፤ ከጅቡቲ ወዲያ ያለው ሁሉ ለእሳቸው ባሕር ነውና። እናት ባላቸውን እንደሸኙ ልጃቸውንም ስንቅ ቋጥረው ሸኙ። በሶው ጅቡቲ ሳይደርስ አለቀ።

ስለ መርከቡ ሲያወሩ ይስቁ ነበር። ባሕር አይተው የማያውቁ የደጋ ልጆች የመጀመሪያዎቹን ቀናት ተኝተው እያስመለሱ አሳለፉ። ኋላ ሲለምዱ ከላይ ወለል ላይ ወጥተው ፎከሩ። ስለ ውጊያው ሲሆን ግን ቃላቸው ያጥር ነበር፤ እኔ የማውቀውን አብዛኛውን ያወቅሁት ከጓደኞቻቸውና ከተጻፈው ነው።

ያ ጊዜ ጦርነቱ መልኩን የለወጠበት ነው። ሁለቱም ወገኖች በተራሮች ላይ ምሽግ ቆፍረው ፊት ለፊት ተፋጠዋል፤ የድርድሩ ንግግር ሲጓተት ሰው የሚሞተው ለአንድ ኮረብታ ነው። ቀን ቀን ከምሽግ ብቅ ማለት አይቻልም። ሥራው የሌሊት ነው፤ ዐሥር ዐሥራ አምስት ሆኖ በጨለማ ወደ ጠላት መሥመር መውረድ፣ ማድፈጥ፣ ምርኮኛ ይዞ መመለስ። ጥቅምት 4 ቀን 1945 ዓ.ም. 7ኛው ክፍለ ጦር ትሪያንግል በተባለው ኮረብታ ላይ ማጥቃት ሲጀምር ሁለተኛው ቃኘውም በዚያ ውጊያ ገባ። ኮረብታው በሳምንታት ውስጥ ደጋግሞ ከእጅ ወደ እጅ ተዘዋወረ። አያቴ ስለዚያ ቦታ የነገሩን አንድ ነገር ቢኖር አፈሩ በመድፍ ብዛት ተፈጭቶ እግር እስከ ቁርጭምጭሚት ይሰምጥ እንደነበር ነው።

ኢትዮጵያውያኑ በሌሊት ውጊያ ስም አወጡ። ኤስ ኤል ኤ ማርሻል የተባለው አሜሪካዊ የጦር ታሪክ ጸሐፊ በ1953 እ.ኤ.አ. የጸደይ ወራት የነበረውን ውጊያ ሲጽፍ ስለ ሦስተኛው ቃኘው የሌሊት ቅኝቶች ለብቻ ምዕራፍ ሰጥቷል። ጦርነቱ እስኪያበቃ 121 ኢትዮጵያውያን ሞቱ፤ 536 ቆሰሉ። የተማረከ የለም። የወደቀውንም ጠላት መሥመር ላይ ጥለው አልመጡም፤ አስከሬኖቹ በኋላ ወደ አገር ተመልሰዋል። ይህን የመጨረሻውን ነገር አያቴ ደጋግመው ያነሡት ነበር። የአባታቸውን አስከሬን ያላገኘ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

ክረምቱ ግን ከሰሜን ኮሪያ ጎን ከተሰለፈችው ከቻይና ጥይት አይተናነስም ነበር። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ በረዶው ሲጠና ላብ ያረጠበው ካልሲ እግር ላይ በረዶ ይሆናል፤ ካልሲውን ቀይሮ ጣቱን ያላሸ ወታደር ጠዋት ጣቱ ጠቁሮ ያገኘዋል። አያቴ የግራ እግራቸውን ሁለት ጣቶች ያጡት በጥይት አይደለም፤ ማድፈጫ ቦታ ላይ ሳይንቀሳቀሱ ባደሩበት አንድ ሌሊት ነው።

ሌላው ያልተለያቸው ነገር ሕፃናቱ ናቸው። ከግንባር ወደ ኋላ ተመልሰው ሲያርፉ በሠፈሩ ሽቦ አጥር ዙሪያ ወላጅ የሌላቸው ልጆች ይሰበሰቡ ነበር። ወታደሮቹ ከራሽናቸው ብስኩትና ሥጋ ያካፍሏቸዋል፤ ውኃ አሙቀው የሚያጥቧቸውም ነበሩ። ቡልጋ ላይ ያለ አባት ያደገ ልጅ እዚያ አጥር ሥር የቆመውን ልጅ ሲያይ ምን እንዳሰበ አልነገሩንም፤ አንዱን ትንሽ ልጅ ግን ትከሻቸው ላይ አድርገው ይዞሩ እንደነበር አንድ ጓደኛቸው አጫውቶኛል። በ1953 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያውያኑ ወታደሮች ቶንግዱቾን ከተማ ውስጥ ቦህዋ የተባለውን የወላጅ አልባ ሕፃናት ማሳደጊያ አቋቋሙ፤ ከደሞዛቸው እያዋጡም ደገፉት። የዘመቻው ታሪክ ሲነገር ኮረብታዎቹ ይቀድማሉ። እኔ ግን ከሁሉ የማስቀድመው ይህን ቤት ነው፤ ለመዋጋት የተላከ ጦር ልጅ ሲያሳድግ ያገኘሁት እዚህ ላይ ነውና።

በ1945 አጋማሽ አያቴ ተመለሱ። ሐምሌ 20 ቀን የተኩስ ማቆም ስምምነቱ ሲፈረም እሳቸው አዲስ አበባ ነበሩ። በተከታዩ ዓመት ሴት አያቴን፣ እኛ እማማ የምንላቸውን፣ አገቡ። ለተመላሾቹ ቦታ ተሰጥቷቸው ኮሪያ ሰፈር የሚባለው መንደር ሲያቆጠቁጥ እሳቸውም ጭቃ አቡክተው ቤት ሠሩ። ስድስት ልጆች ተወለዱ። ሰፈሩ ሃምሳ አለቃ ይላቸው ነበር፤ ልጆቻቸው ደግሞ አባባ።

እናቴ ከልጅነቷ የምታስታውሰው የእግር መዳሰስን ነው። አባባ ሌሊት አንድ ጊዜ ይነቃሉ። ኩራዝ ይዘው ልጆቹ የተኙበት መደብ ዘንድ ይሄዳሉ፤ ፊታቸውን አይደለም የሚያዩት፣ እግራቸውን ነው። ከጋቢው የወጣ እግር ካገኙ በእጃቸው ይዳስሱታል፤ ቀዝቅዞ ከሆነ እስኪሞቅ በመዳፋቸው ያሹታል፣ ይሸፍኑታል፣ ወደሚቀጥለው ያልፋሉ። ጥርም ሆነ ሐምሌ ይህ አይቀርም። እኔም በተራዬ እዚያ ቤት ሳድር ያ ሻካራ መዳፍ እግሬን ሲይዝ ነቅቼ አውቃለሁ።

ታኅሣሥ 4 ቀን 1953 ዓ.ም. ጃንሆይ ብራዚል ሳሉ የክቡር ዘበኛ አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ነዋይና ወንድማቸው ገርማሜ መንግሥት ገለበጡ። ተራው ወታደር ምን እንደተወጠነ አያውቅም፤ ውጣ ሲሉት ወጣ። ከሁለት ቀን በኋላ ጦር ሠራዊቱና ክቡር ዘበኛ አዲስ አበባ መሐል ተታኮሱ። ኮሪያ ላይ የቻይና መድፍ ያልጣላቸው ሰዎች በከተማቸው ጎዳና በወገናቸው ጥይት ወደቁ። ዓርብ ዕለት ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ታግተው ከነበሩት መኳንንትና ሹማምንት ብዙዎቹ ሲረሸኑ ሙሉጌታ ቡሊም ከሟቾቹ አንዱ ሆኑ። አያቴ ይህን የሰሙት እጃቸውን ሰጥተው በታሰሩበት ነው። እማማ እንደሚሉት እስሩ አይደለም የጎዳቸው፤ የሙሉጌታ ሞት ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ ከእስር ሲወጡ ከሠራዊቱም ተሰናበቱ። ሠላሳ አንድ ዓመታቸው ነው፤ አራት ልጅ ወልደዋል።

ኮሪያ ላይ የከባድ መኪና መንዳት ተምረው ነበርና በጣሊያን ጊዜ የመጣች አሮጌ ትሬንታ ኳትሮ ላይ ረዳት ሆነው ተቀጠሩ፤ ወዲያው መሪ ጨበጡ። የአሰብ መንገድ ያኔ ሹፌር የሚፈተንበት ነው። አፋር በረሃ ላይ ጎማ ሲፈነዳ በእጅ ተለጥፎ፣ በእጅ ተነፍቶ ነው የሚሄደው። ከአሰብ ሲመለሱ ጨው፣ ዓሣና የልጆች ሸራ ጫማ ይዘው ይገባሉ። ሌሎች ሹፌሮች በየከተማው ጎጆ ሲቀልሱ እሳቸው ደሞዛቸውን ለእማማ ቆጥረው የሚያስረክቡ መሆናቸው በጓደኞቻቸው ዘንድ ያስቀልድባቸው ነበር። በዚያ ገንዘብ ስድስቱም ተማሩ። ከግቢው ጎን ሁለት ክፍል ሠርተው አከራዩ፤ ኪራዩ ለትምህርት ቤት ነው።

በ1960 ጃንሆይ ኮሪያን ጎበኙ፤ ቹንቾን ከተማ ውስጥ ለኢትዮጵያውያን ዘማቾች የቆመው ሐውልት ተመረቀ። ከጥቂት ወራት በኋላ ከሐውልቱ አጠገብ አንድ ኮሪያዊ ቤተሰብ የኢትዮጵያ ቡና የሚያፈላበት ቤት ከፈተ፤ ኢትዮጵያ ቤት ይባላል፣ ቡናው እስካሁን አልተቋረጠም። አያቴ የሐውልቱን ምረቃ ሥነ ሥርዓት በሬዲዮ ሰሙት። ያን ዕለት መኪናዋ ተበላሽታ ደሴ ላይ ቆመው ነበር።

ከዚያ የ1966 አብዮት መጣ። የደርግ የመጀመሪያው ሊቀ መንበር ጄኔራል አማን አንዶም ራሳቸው የኮሪያ ዘማች ነበሩ፤ ዘማቾቹ ለጊዜው ተስፋ አደረጉ። ኅዳር 14 ቀን 1967 አማን ተገደሉ። ሐምሌ ላይ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ ሁለቱ የኪራይ ክፍሎች ሄዱ። ቀጥሎ ኮሪያ መዝመት ራሱ ወንጀል መሰለ፤ መንግሥት ከፒዮንግያንግ ጋር ሲወዳጅ ከኮሚኒስት ጋር ተዋግቶ የመጣ ሰው በቀበሌ ስብሰባ ላይ የኢምፔሪያሊስት ቅጥረኛ እየተባለ ተሰደበ። ብዙዎች ፎቶግራፋቸውን አቃጠሉ። እማማ የባላቸውን ኒሻኖችና አንዲት ፎቶ በላስቲክ ጠቅልለው በርበሬ ማስቀመጫው ማሰሮ ውስጥ ቀበሩት። ቤታችን ሁለት ጊዜ ሲፈተሽ በርበሬውን ያገላበጠ የለም፤ ያስነጥሳልና።

በ1970 ሁለተኛው አጎቴ ታሰረ። ተማሪ ነበር። አያቴ ከአሰብ ሲመለሱ ሰሙ፤ የመኪናውን ቁልፍ ለባለቤቱ መለሱና ሥራ ለቀቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋትና ማታ የእማማን ስንቅ ይዘው እስር ቤቱ በር ላይ ይቆማሉ። ሌሊት ሰው እያወጡ የሚገድሉበት ጊዜ ነውና ማታም ወደ ቤት አይገቡም፤ ከአጥሩ ማዶ ከሚገኝ ባሕር ዛፍ ሥር ጋቢያቸውን ደርበው ያድራሉ። ማድፈጥ የተማሩትን ሁሉ እዚያ ዛፍ ሥር ነው ያዋሉት ብል አላጋነንኩም። መኪና ሲወጣ ሰሌዳውንና አቅጣጫውን ይይዛሉ፣ በማግሥቱ ልጃቸው የተላከለትን ሰሐን ባዶውን ሲመልስ በሕይወት መኖሩን ያውቃሉ። ከዘበኞቹ አንዱ ኋላ አጎቴን ሲያየው፣ ሽማግሌው እዚያ ባይቆሙ ኖሮ ስምህ ሳይጠራ አይቀርም ነበር ብሎታል። እውነት ይሁን አይሁን አጎቴ አምኖበታል። ከብዙ ወራት በኋላ ሲፈታ ከእስር ቤቱ እስከ ቤት ድረስ አባትና ልጅ ቃል ሳይነጋገሩ ሄዱ፤ በር ላይ ሲደርሱ አያቴ ተንበርክከው የልጃቸውን እግር ዳሰሱ።

በመስከረም 1977 የአብዮቱ ዐሥረኛ ዓመት ሲከበር በሰሜን ኮሪያ እርዳታ የተሠራው የትግላችን ሐውልት ቸርችል ጎዳና ላይ ቆመ። አያቴ በዚያን ጊዜ የከተማ ታክሲ ይነዱ ነበር። ስለ ሐውልቱ ክፉም ደግም ሲናገሩ አልሰማኋቸውም።

ከ1983 በኋላ ዘማቾቹ ማኅበራቸውን እንደገና ማንቀሳቀስ ቻሉ። ማሰሮው ተገለበጠ፤ ኒሻኑ ታጠበ፣ ሪባኑ ግን የበርበሬ ቀለሙን አልለቀቀም። በስብሰባ ቀን ኮታቸውን ለብሰው ሲወጡ እማማ ሪባኑን በእርጥብ ጨርቅ ይጠርጉላቸዋል። ደቡብ ኮሪያ ውለታውን የረሳች አገር አይደለችም። በ1996 ቹንቾንና አዲስ አበባ እህትማማች ከተሞች ሆኑ፤ አፍንጮ በር ላይ መታሰቢያ ተሠራ፤ ቹንቾንም የመታሰቢያ አዳራሽ ከፈተች። ለዘማቾች ልጆችና የልጅ ልጆች የትምህርት ዕድል ተሰጠ። በ2003 የደቡብ ኮሪያው ፕሬዚዳንት ሊ ምዩንግ ባክ አዲስ አበባ ሲመጡ ሽማግሌዎቹን አግኝተዋል። ይህ ሁሉ ደግ ነው፤ ነገር ግን ከአርባ ዓመት በላይ ዘግይቶ የደረሰ ነው፤ ብዙዎቹ በድህነት አርጅተው፣ ያለ ጡረታ ሞተው ካለቁ በኋላ። የገዛ አገራቸው ዕዳ ደግሞ ከዚያም የከፋ ነው።

አያቴ ወደ ኮሪያ እንዲሄዱ ሲጋበዙ አልሄዱም። እማማ በዚያው ሰሞን በደም ግፊት ግማሽ አካላቸው ተይዞ አልጋ ላይ ነበሩ። ልጆቻቸው እኛ እንይዛታለን፣ ይሂዱ ብለው ለመኗቸው። እሷን ትቼ አንዴ ሄጃለሁ አሉ፤ ገና ሳይጋቡ ማለታቸው እንደሆነ ገባንና ማንም አልመለሰም። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ሰማንያ የተጠጋ ሰው አጥሚት መሥራት ተማረ። ቡና መቁላት፣ መውቀጥ፣ ማፍላትም ተማሩ፤ ጎረቤት ሴቶች መጀመሪያ አፍረውላቸው ነበር፣ ኋላ ግን ለመጠጣት ይመጡ ጀመር። እማማን በየሁለት ሰዓቱ ያገላብጧቸዋል፤ ሐኪሙ አንድም የአልጋ ቁስል አላገኘባቸውም። ሌሊት ያው ልማዳቸው ነው፤ ይነሣሉ፣ እግራቸውን ይይዛሉ፣ ያሻሉ። እማማ ያረፉት በ2005 ነው።

አያቴ በሰማንያ ስምንት ዓመታቸው፣ በ2010፣ ሁለት ቀን ብቻ ታመው አረፉ። በለቅሶው የዘማቾች ማኅበር ተወካዮች መጡ፤ ከእሳቸው ጋር የዘመቱ የቀሩት ሁለት ነበሩ፣ አንዱ በተሽከርካሪ ወንበር። አስከሬኑ ከቤት ሲወጣ ሁለቱም ሰላምታ ሰጡ። ኒሻኑን ለማን እንደሚሰጥ ቀድመው ተናግረው ስለነበር ክርክር አልነበረም፤ እማማን ስታጥብ ለኖረችው ለመጨረሻዋ ልጃቸው ነው። ስለ መቃብራቸውም ያሰቡበት ነበር። አንድ ጊዜ ከማኅበሩ ሰዎች አንዱ፣ ከኮሪያ የመጡት ሟቾች ወዳረፉበት ወደ ሥላሴ ካቴድራል ለመጠጋት ቢጠየቅ ምን ይመስልዎታል ብሎ ጠይቋቸው ነበር። እነዚያ ጓደኞቼ እኔን ለዓመት ያውቁኛል፣ እሷ ለሃምሳ ዘጠኝ ዓመት ታውቀኛለች ብለው መለሱለት። ከእማማ ጎን ቀበርናቸው።